ዘጠኙ ሳንቃዎች

ያን ቀን ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ነው የተነሣነው። ጆታም እሳቱን ቆሰቆሰ፤ እኔ ከማታ የተረፈውን የበቆሎ ገንፎ ቆራርጬ በአሳማ ስብ ጠበስኩት። የሸሚዙ እጅጌ ተተርትሮ ነበርና ለብሶት እንደ ቆመ በነጭ ክር ሰፋሁለት። «እንዳትወጊኝ» አለ። ሁልጊዜ የሚለው ነው። ወግቼው አላውቅም። ከዚያ ሳህኑን እንደ ያዘ በሩ ላይ ቆመና ወደ ወንዙ ፊቱን አዞረ።

«ምን ታያለህ?» አልኩት።

«አላይም፤ እየሰማሁ ነው።»

እኔም ሰማሁ። የኩሬው በረዶ እንደ ደረቅ ማገዶ እየተሰነጠቀ ነበር። መጋቢት ገብቷል፤ የደቡቡ ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ሳይቀዘቅዝ አድሮ የጣሪያችንን በረዶ ጠብታ አድርጎታል።

«ዛሬ ሳንቃዎቹ መነሣት አለባቸው» አለ።

«ለሰውየው ንገረዋ።»

«ትናንት ነግሬዋለሁ። ከትናንት ወዲያም ነግሬዋለሁ። ‹ጆታም፣ አንተ ድንጋይህን ውቀር፤ ውሃውን ለእኔ ተወው› ነው ያለኝ።»

«ውሃውም ወታደሩ መሰለው?»

ሣቀ። የገንፎውን ቅሪት አፉ ውስጥ ጨምሮ መውቀሪያውን ቀበቶው ላይ ሻጠና ወጣ።

ሰውየው ያልኩት ኮሎኔል ሉሺየስ ሃርክነስን ነው። ማዕረጉን ያገኘው ኦሃዮ ውስጥ፣ በዓመት አንድ ቀን የበቆሎ አገዳ እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሜዳ የሚዞሩ ገበሬዎችን እየመራ ነበር። ከዱር ዶሮ በቀር የተኮሰበት ጠላት የለም። ሚስቱ ግን ቁርስ ላይ ሳይቀር «ኮሎኔል፣ ጨዉን ያቀብሉኝ» ነበር የምትለው። አይዋ ገና ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች አንዷ ሳትባል፣ በፕለም ወንዝ ዳር የሰፈርነው አምስት ጎጆ ነበርን፤ አንዱ የአሳማ ነው። እሱ ግን ለሰፈሩ «ሃርክነስ ከተማ» የሚል ስም አውጥቶ፣ ካርታ አስሎ፣ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ነበር። ካርታው ላይ ስምንት ጎዳና፣ ሁለት ባንክ፣ የሙዚቃ አዳራሽና ኮሌጅ ነበሩ። ኮሌጁ የሚሠራበት ቦታ ላይ አሳማዎቹ ይተኛሉ። አሳማዎቹ የሚተኙበት ደግሞ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሜስኳኪዎች የክረምት ቤታቸውን የሚተክሉበት ነበር። ከተባረሩ አራት ዓመት አልሞላም፤ የምድጃቸው ድንጋይ ገና ጥቁር ነው። ኮሎኔሉ ይህን «ባዶ መሬት አቀናሁ» ይለዋል።

ያቀናው እሱ አይደለም። ግድቡን በግንድና በድንጋይ የሠራው፣ መዘውሩን ያቆመው፣ ሁለቱን የወፍጮ ድንጋዮች በበሬ ጎትቶ አምጥቶ ያገጣጠመው ጆታም ነው። የግድቡ አናት ላይ ዘጠኝ ሳንቃ በተፈለፈለ ጎድጎድ ውስጥ ሳይቸነከሩ ቆመው ነበር። ውሃ ሲያንስ ኩሬውን ከፍ ያደርጋሉ። ውሃ ሲበዛ፣ ለመረማመጃ በተጋደመው ግንድ ላይ ሰው ቆሞ አንድ በአንድ ይመዛቸዋል። ለዚህ ነው በጎድጎድ ውስጥ የቆሙት። «የማይነሣ ሳንቃ ግድግዳ ነው» ይል ነበር ጆታም፣ «የወንዝ ግድግዳ ደግሞ ይወድቃል።»

ያን ቀን ግን ኮሎኔሉ ኩሬው ሙሉ ሆኖ እንዲታይ ፈልጓል። የአውራጃው ፍርድ ቤት የት እንደሚሠራ የሚመርጡ ሦስት ሰዎች በፈረስ ሊመጡ ነው። እነሱ «እዚህ» ካሉ ካርታው እውነት ይሆናል፤ «እዚያ» ካሉ ኮሎኔሉ የአምስት ጎጆ ጌታ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ እነሱ ሲያወራ ከርሟል። ሚስቱን ጓንት አስለብሷታል። አሳማዎቹን ከኮሌጁ አስወጥቷል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ልብስ ከገመድ ሳወርድ ከግድቡ በኩል የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ጆታም ወፍጮ ቤት ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ኮሎኔሉ መሆኑን ዐወቅሁ። እንግዶቹ ከማዶ ሲመጡ እንዲያነቡት «ሃርክነስ ከተማ» የሚለውን ሰሌዳውን እየሰቀለ ነው ብዬ አሰብኩ። በዚያ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ሰቅሎታል። መዶሻው ለረጅም ጊዜ ሲመታ ቆየ። ዞር ብዬ አላየሁም። ለማየት የሚበቃ ሰው አይደለም ብዬ ልብሴን አጥፌ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወፍጮ ቤት ስደርስ ሰው ሁሉ አክስት የሚላት ፊቢ ክራውች በር ላይ፣ የበቆሎ ከረጢቷ ላይ ተቀምጣ ፒፓዋን ታጨሳለች። አሥራ አራት ማይል በበሬ ጋሪ መጥታ፣ ጋሪዋ ሥር አድራለች። በእኛ አገር የወፍጮ ተራ የተከበረ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያስፈጫል፣ ዳኛም ቢሆን ይጠብቃል።

ኮሎኔሉ ሰማያዊ ካፖርቱን በነሐስ አዝራር ቆልፎ፣ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ብቅ አለ።

«አክስት ፊቢ፣ ዛሬ የእንግዶች ስንዴ ነው የሚቀድመው። የሕዝብ ጉዳይ ነው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ ኮሎኔል? ጥንቸል?»

«ነገ ማለዳ ያንቺ ይፈጫል።»

«ልጆቼ ዛሬ ነው የሚበሉት። ይሁን፤ እቀመጣለሁ። ከተማውን እያየሁ እቆያለሁ። የሙዚቃ አዳራሹ በየት በኩል ነበር? ትናንት ሲመሽ ሲደልቅ የሰማሁት ያ ከበሮ የሱ ነው?»

ኮሎኔሉ ፊቱ ቀላ። የቀላው በቀልዱ መስሎኝ ነበር።

እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ሁለቱ ምግቡ የት እንደሆነ ብቻ የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ፤ ስለ እነሱ የምለው የለኝም። ሦስተኛው ዚናስ ዊክስ የሚባል ቀጭን ሽማግሌ ነው። ትምባሆ ያኝካል፤ ሲናገር ሰውን ትቶ ዕቃ ዕቃውን ያያል። ከወጣትነቱ ጀምሮ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት በወፍጮ ቤት ሠርቷል። ኮሎኔሉ ይህን አያውቅም። ስለ እንግዶቹ የጠየቀው ምን ዓይነት ሥጋ እንደሚወዱ ብቻ ነበርና።

ጆታም ወፍጮውን ለቀቀው። ሲነሣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ድንጋዩ ስንዴውን ሲይዝ ጩኸቱ ይለዝባል። ጆታም ለትንሽ ጊዜ አዳምጦ መዘውሩን ሊያይ ወደ ታች ወረደ። ኮሎኔሉ ካርታው ሥር ቆሞ ስለ ባንኮቹ ማስረዳት ጀመረ። ዚናስ ዊክስ ጀርባውን ሰጥቶት፣ የሚወርደውን ዱቄት በመዳፉ ተቀብሎ በአውራ ጣቱ አሸው። አሸተተው። ደግሞ አሸው።

«ባንኩን ይተዉት» አለ። «ዱቄቱ አልሞቀም። ፍሬው ተቆረጠ እንጂ አልተደፈጠጠም። ይህን ድንጋይ የወቀረው ማነው?»

«ይህ እንግዲህ የከተማችን—»

«ኮሎኔል፣ እኔን ያስቸገረኝ አንድ ነገር ነው። መንገደኛ ወቃሪ መጥቶ፣ ሳምንት ወቅሮ ከሄደ፣ በጋው ሳያልቅ ድንጋዩ ይደንዛል። ወፍጮው ሲበላሽ ገበሬው ሌላ ወንዝ ይሄዳል። ገበሬው ከሄደ ፍርድ ቤቱ ማንን ሊዳኝ ነው? እዚህ የሚኖር ሰው ነው የወቀረው ወይስ መንገደኛ?»

ኮሎኔሉ ደረቱን ነፋ። «እኔ ነኝ» አለ።

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። አክስት ፊቢ ፒፓዋን ከአፏ አወጣች።

«ራስዎ?»

«በገዛ እጄ።»

«መልካም። ጓንትዎን ያውልቁና የግራ እጅዎን ጀርባ ያሳዩኝ።»

ወቃሪ ድንጋዩ ላይ ተደፍቶ ቀኑን ሙሉ ሲመታ ከመውቀሪያው ጫፍ የብረት ቅንጣቢ ይፈናጠራል። ወደ ቆዳ ይገባል፤ ቁስሉ ሲድን ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ዕድሜ ልክ አይወጣም። ወቃሪ ነኝ የሚል ሰው ሥራ ሲጠይቅ ማንም ወረቀት አሳየኝ አይለውም፤ እጅጌውን ሰብስቦ ብረቱን ያሳያል። ይህን ወፍጮ ቤት ውስጥ አንድ ወር የቆየ ሰው ሁሉ ያውቃል። ኮሎኔሉ ሁለት ዓመት ቆይቷል።

ጓንቱን አወለቀ። ለምን እንደሚያወልቅ እንኳ አልገባውም ነበር። እጁ እንደ ሊጥ ነጭ ነው።

«አቤት!» አለች አክስት ፊቢ። «ዛሬ የተወለደ ሕፃን እጅ!»

ከሁለቱ ምግብ ፈላጊዎች አንዱ ሣቀ። ማንም የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔ ግን የዱቄት መጥረጊያዬን አስቀምጬ እጄን ዘረጋሁ። ግራ እጄ ከአንጓው እስከ ጣቶቹ ነጠብጣብ ነው። ዚናስ ዊክስ ወደ መስኮቱ አቅርቦ እንደ ጽሑፍ አነበበው።

«ግማሹን እኔ ነኝ የወቀርኩት፤ ግማሹን ባሌ» አልኩ። «ስድስት ቀን ፈጀብን።»

«ስለዚህ ኮሎኔል፣ ከተማዎን የወቀረችው ሴት ናት ማለት ነው?»

«በእኔ ትእዛዝ ነው የሠራችው!»

«ድንጋይ ትእዛዝ ሲሰማ አላየሁም» አለ ሽማግሌው፣ በመስኮቱ ምራቁን እየተፋ።

ደስ አለኝ። አልክደውም። ያ ሰው እንደዚያ ቆሞ፣ ነጭ እጁን የት እንደሚያስገባው ጠፍቶበት ሲቀላ ሳየው ሁለት ዓመት ያፈነኝ ነገር ለቀቀኝ። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬም እየነገርኩ እሥቅ ነበር።

ጆታም ከታች በመሰላሉ ወጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ማን እንደሣቀ፣ በምን እንደሣቀ አላወቀም።

«ኮሎኔል፣ ከጠዋት ወዲህ ውሃው አንድ ክንድ ጨምሯል። ከላይኛው ጠመዝማዛ በረዶው ተነቅሎ እየመጣ ነው። ወፍጮውን እናቁም፤ ሳንቃዎቹን ላንሣ።»

«የእንግዶቼ ስንዴ አላለቀም።»

«ስንዴው ነገም ስንዴ ነው።»

«እዚህ ቤት የሚያዘው ማነው?»

«ዛሬ ወንዙ ነው» አለ ጆታም። ሊያሾፍ አልነበረም፤ የሚያየውን ነው የተናገረው። «አራቱን ካነሣሁ ግድቡ ይተርፋል። ሩብ ሰዓት ይበቃኛል። ዶርካስ፣ የመዘውሩን ውሃ ዝጊ።»

መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

በዚያን ጊዜ ኮሎኔሉን እያየሁት ነበር። አፉን ከፈተ። አንድ ነገር ሊናገር ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ላይ እንደ ደረሰ በግልጽ ታየኝ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ዚናስ ዊክስ ሄደ፣ ከእሱ ወደ አክስት ፊቢ፣ ከእሷ ወደ ገዛ እጁ። አፉን ዘጋ። በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ መዋረድ አልፈለገም።

ውሃውን ዘጋሁ። ድንጋዩ እያዘገመ ቆመ፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ከውጭ የመምታት ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ ብረት ምስማር ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ። ሳንቃ ሲመዘዝ እንደዚያ አይጮኽም። በመስኮቱ ስመለከት ጆታም ግንዱ ላይ ተንበርክኮ ጎንበስ ብሏል፤ በመውቀሪያው የሳንቃውን ጠርዝ ይመታል። ድምፁን የት እንደ ሰማሁት ዐወቅሁ። ልብሴን ሳወርድ ነው የሰማሁት።

«ተቸንክረዋል?» አልኩ።

ኮሎኔሉ ዞሮ እንግዶቹን አየ።

«ስንቱ?»

«ለዛሬ ብቻ ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንግዶቹ እንዳይሰሙት። «ባልሽ ሳያስፈቅድ ያነሣቸዋል ብዬ... ኩሬው እንዲታይ ነው።»

«ስንቱን ነው የምልህ!»

«ሁሉንም።»

አንተ ብዬው አላውቅም ነበር፤ ከዚያ በኋላም አልደገምኩትም። ዲጂኖው የእንግዶቹ ስንዴ ከረጢት ሥር ነበር፤ ከረጢቱን ገልብጬ አወጣሁት። ኮሎኔሉ መንገዴ ላይ ቆሞ ነበር። ሊከለክለኝ አይመስለኝም፤ እግሩ የት እንዳለ እንኳ ያልታወቀው ሰው ነበር። በትከሻዬ ገፍቼው አለፍኩ። ዚናስ ዊክስ፣ የሰባ ዓመት ሰው፣ ከእኔ ቀድሞ ግድቡ ዳር ደረሰ።

ጆታም ሦስቱን ነቅሏል። በአንዲት የወፍጮ መውቀሪያ ሦስት የተቸነከረ ሳንቃ። አራተኛውን እስከ ግማሹ ገንጥሎት፣ ውሃው በክፍተቱ እየጮኸ ይወጣ ነበር። ቀና ሲል ከነዲጂኖዬ አየኝ። የግንዱ ጫፍ ላይ አንድ እግሬን አሳርፌ ነበር።

«ተመለሺ!» አለ። «እኔ እመጣለሁ፤ ተመለሺ!»

ተመለስኩ። ሁልጊዜ የምታዘዘው ሴት አልነበርኩም። ያን ጊዜ ታዘዝኩ።

ከላይ ተነቅሎ የመጣው በረዶ ከጎጆአችን ወለል ይሰፋ ነበር። እየተቻኮለ አልመጣም። ግድቡን ሲነካው አንድ ጊዜ ብቻ ተሰማ፤ ከዚያ ዘጠኙ ሳንቃዎች የነበሩበት የግድቡ መሀል በሙሉ ውሃ ሆነ። እጅጌው ላይ የሰፋሁት ነጭ ክር ከዚያ ርቀት ታየኝ፤ ወይም የታየኝ መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን ጆታም ሁለት ማይል ታች፣ የታችኛው ጠመዝማዛ ላይ ተገኘ። አክስት ፊቢ በቆሎዋን ሳታስፈጭ ቆይታ አብራኝ አጠበችው። ስፌቱ አልተተረተረም ነበር።

በቀብሩ ላይ ኮሎኔሉ ንግግር አደረገ። «የእግዚአብሔር እጅ» አለ፣ «የአቅኚ ደም» አለ፣ «የነገዋ ከተማ መሠረት» አለ። ሩብ ሰዓት ተናገረ። ዚናስ ዊክስና ጓደኞቹ ፍርድ ቤቱን በወንዙ ላይኛው ክፍል ላለ፣ ወፍጮም ግድብም ካርታም ለሌለው ሰፈር ሰጡት። ካርታው ግን ከግድግዳው አልወረደም።

በግንቦት ውሃው ሲጎድል ከሳንቃዎቹ ስድስቱን አገኘኋቸው። አሸዋ ላይ ወጥተው፣ ምስማራቸው እንዳለ ቀርቶባቸዋል። በሳንቃ ስድስት ምስማር። ነቅዬ፣ ድንጋይ ላይ ቀጥቅጬ አቃናኋቸው። ሳምንት ሳይሞላ ኮሎኔሉ ደጄ ላይ ቆመ። ባርኔጣውን አላወለቀም።

«ዶርካስ፣ ሳንቃዎቼን ሰብስበሻል ይባላል። ግድቡን እንደገና ልሠራ ነው። ምስማር ደግሞ እንደምታውቂው ከትልቁ ወንዝ ማዶ ነው የሚመጣው።»

«ሠላሳ ስድስት ናቸው» አልኩት። «በትክክል ተመትተዋል። ብዙ ደክመውበታል፤ ከጨለማ በፊት ለመጨረስ ተቻኩለውም ይሆናል። ‹ተቸንክሯል› ለማለት ግን አንድ ቃል ይበቃ ነበር።»

«ሰው ፊት ነበር...» አለ።

«አዎ። ሰው ፊት ነበር።»

ጓንት አላደረገም ነበር። ምስማሮቹን መዳፉ ላይ አፈሰስኩለት። ይወረውራቸዋል ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ያፍራል ብዬ። ቆጠራቸው። ሠላሳ ስድስት መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ ኪሱ ከተታቸውና አመስግኖኝ ሄደ። ዝገቱ ነጭ እጁ ላይ ቡናማ ሆኖ ሲቀር አየሁ፤ በውሃ የሚለቅ ነው።

እንደዚህ ያለ ሰው መናቅ ቀላል ነው፤ ዛሬም እንቀዋለሁ። በዋዜማው አመሻሽ፣ ልብስ ታቅፌ ገመዱ ሥር ቆሜ፣ መዶሻው ሲመታ ያልዞርኩትም ስለምንቀው ነበር።

ጎጆዬን ለአክስት ፊቢ ልጅ ተውኩ። አሁን ከወፍጮ ወደ ወፍጮ እየሄድኩ ድንጋይ እወቅራለሁ። በየደጁ ሴት ናት ብለው ይሥቃሉ፤ እጅጌዬን ስሰበስብ ወደ ድንጋዩ ይመሩኛል። ሥራ ሳልጀምር የጆታምን ሣጥን እከፍታለሁ። ዐሥራ ሁለት መውቀሪያ የሚይዝ፣ እያንዳንዱ የራሱ ማስቀመጫ ያለው የዋልነት እንጨት ሣጥን ነው፤ የሠራው እሱ ነው። ዐሥራ አንድ አሉ። አንዱ የለም።